ዘጠነኛው ብልቃጥ

ሐኪሙ ከመሳቢያው አሥራ ሁለት ብልቃጥ አወጣ፤
አንድ በአንድ እየከፈተ ወደ አፍንጫሽ አመጣ።
«ይኼስ ምንድን ነው?» ይላል፤ «እንጃ» ትይዋለሽ፤
«ይኼስ?» ሲልሽ ደግሞ ወደኔ ታያለሽ፣
ፊደል እንደጠፋበት የአንደኛ ክፍል ልጅ፣
የቀሚስሽን ጫፍ ጨብጦ ያ የሠራተኛ እጅ።

ዘጠነኛው ላይ ግን ዓይንሽን ጨፈንሽ፣
ትንፋሽ ስበሽ ቆየሽ፣
«ዝናብ ነው» አልሽው፣ እርግጠኛ ሆነሽ።
ዶክተር ቬሎዞ ቀና ሳይል ጻፈ፤
«ዓሣ ነበር» አለ፣ ወረቀቱን አጠፈ።

እማ፣ ዓሣ እኮ ነው ያለሽ!
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በማቶዚኞስ ወደብ ሰርዲን በቆርቆሮ ያሸግሽ፤
ማታ በሎሚ ልጣጭ፣ በአመድ፣ በሳሙና፣
ክንድሽን እስኪቀላ ብትፈትጊውም ጠረኑ አይለቅምና፣
በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ በጭፈራው ሜዳ፣
«ዓሣ ዓሣ ትላለች» ብሎ ጎረምሳው ሲሸሽሽ እንደ ባዳ፣
አባቴ አልባኖ ብቻ እጅሽን ይዞ ቀረ አሉ።
«አንተስ አይሸትህም?» ብትይው፣
«ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ዋሸሽ። ይኼን ያውቃል መንደሩ ሁሉ።

እንዴት ሳላይ ቀረሁ?
ሐሙስ ሐሙስ ስመጣ፣ የትራም ፈረቃዬን ጨርሼ፣
ጨው የበዛበትን ሾርባሽን በዝምታ ስጠጣ ጎንብሼ፤
ሻይሽ ላይ አምስት ማንኪያ፣ ስድስተኛው ሲከተል፣
«ያረጀ ሰው ጣፋጭ ይወዳል» አልኩ፣ ራሴን ስደልል።
ድስቱ አርሮ ጢሱ ደረጃውን ሲሞላው፣
ከታች ሮጣ በር የደበደበችው ዙልሚራ ናት፤ ምድጃው ከኋላሽ፣
አንቺ ሬዲዮ ትሰሚያለሽ።

ቀሚስሽ ሰፍቶሽ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፤
ደምሽ ግን በስኳር ተይዟል።
ገላሽ ሑዳዴ ሲይዝ ደምሽ ፋሲካ ገባ፤
በአንድ ሰው ገበታ ላይ ጾምና ፍስክ ተጋባ።

«አፍንጫ ደጁን ሲዘጋ» አለ ዶክተሩ፣ «ምላስ ብቻዋን ትቀራለች፤
እንደ ደነቆረ ሰው፣ ጩኹልኝ ትላለች።
ጎመኑ፣ ባቄላው፣ ፍሬው፣ ለሷ ሹክሹክታ ነው፤
የሚሰማት ስኳር ነው፣ ጨው ነው።
እጅም ጩኸት ወዳለበት ይሄዳል። አንዱ ከስቶ፣ ሌላው ወፍሮ ይመጣል፤
የሁለቱንም ሂሳብ ቆሽት ይከፍላል።»
«የኔ ቆሽትማ ድሮ ነው ያረረው» ብለሽ ሳቅሽ።
እሱ አልሳቀም።

ጨውን እንውቀሰው ይሆን? «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ» ይሉታል።
እሱ እንደ ጥንቱ ነው። ድንጋይነቱ ወደ ምላስ ተሻግሯል።

ስንመለስ በባሕሩ ዳር አዘገምን። ፍም ላይ ሰርዲን ይንጫጫል፤
አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ተከትሎ ይታጠፋል።
አንቺ ቆምሽ። ነፋሱን ጠጣሽው፣ ባዶውን።
«ኮረዳ ሳለሁ ስንት ስለት ተስያለሁ፣ ይኼ ሽታ እንዲለቀኝ፤
አየህ፣ ዘግይቶ ሰማኝ።»

አሁን የስኳር ዕቃሽ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ታኖሪያለሽ፤
ዓሣውን በጆሮሽ ታበስያለሽ፦
ሲንጫጫ ጥሬ ነው፣ ድምፁ ሲቀጥን ደርሷል።
ሎሚው ይቆነጥጥሻል፣ ቃሪያው ያቃጥልሻል፣
የዳቦው ቅርፊት ጥርስሽ ሥር ይፈነዳል።
ጣዕም አይባልም ይኼ፤ ግን በር ያንኳኳል።
ሁለት ኪሎ ተመልሶልሻል፤ ስኳሩ አንዳንድ ቀን ይታዘዛል፣
አንዳንድ ቀን ያምፃል።

ትናንት ልሰናበትሽ ጎንበስ ስል፣ ከአንገትሽ ሥር
የከረመ ዘይት፣ እርጥብ ሹራብ፣ የእርጅና ጠረን ነበር።
«ምን ምን እላለሁ?» አልሽኝ ድንገት፣
እንደ ጭፈራው ሜዳ ልጅ ፈራ ብለሽ።

የአባቴ ልጅ ነኝ።
«እንጃ፣ እማ» አልኩሽ፤ «ጉንፋን ይዞኛል።»